አራት ዓመት የለፋሁበትን ልተወው?

እህቴ፣ «ነርሲንጉን ትቼ ወደ ሥዕል ብሄድ እብደት ነው ወይ?» ያልሽውን ሦስቴ አነበብኩት። እኔም አንድ ጊዜ እዚያው ነበርኩ። አካውንቲንግ እየተማርኩ ማታ ማታ ቪዲዮ ኤዲት አደርግ ነበር፣ ጠዋት ክፍል ገብቼ ደግሞ ልቤ ያለው ማታ የቆረጥኩት ምስል ላይ ነው። የያዘኝ ትምህርቱ አልነበረም። «ቤተሰቦቼ ይሄን ሁሉ ከፍለውልኝ ምን ብዬ ልንገራቸው?» የሚለው ነው። በደወሉ ቁጥር ትምህርት እንዴት ነው ሲሉኝ ጥሩ ነው እላለሁ። ያ ውሸት ከፈተናው በላይ አደከመኝ።

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ሲገባ ቺካጎ ትያትር ሊማር ነበር። በ1970 ሎስ አንጀለስ ሄዶ ዩሲኤልኤ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ገባና ፊልም ሠሪ ሆነ። ትያትሩ ሜዳ ላይ ቀረ? ተዋናይ ለሚመራ ሰው ትወናን ማወቅ ትልቅ ስንቅ ነው። እኔም ዛሬ የፊልም በጀት የምሠራው በዚያው በአካውንቲንጉ ነው።

ዕድሜዬ ሄዷል ላልሽው ደግሞ ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንሪ ማቲስ አለልሽ። ሕግ ተምሮ ጠበቃ ቢሮ ሲሠራ ቆይቶ፣ ታሞ በተኛበት እናቱ ቀለም ገዝታ ሰጠችውና መሣል ጀመረ። በ1941፣ በ71 ዓመቱ፣ ከከባድ ቀዶ ጥገና በኋላ እንደ ድሮው ቆሞ መሣል ሲያቅተው መቀስ አነሳ። ረዳቶቹ ወረቀቱን ቀለም ይቀቡለታል፣ እሱ አልጋው ወይ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ እየቆረጠ ሥዕል ይሠራበታል።

ውጭ አገር ስለምትማሪ አንድ ነገር ግን አደራ። በብዙ አገር የተማሪ ቪዛ ከትምህርት ቤቱ፣ አንዳንዴም ከትምህርቱ ዓይነት ጋር የታሰረ ነው። ሳታሳውቂ ብታቋርጪ የመኖሪያ ፈቃድሽን ልታጪ ትችያለሽ። መጀመሪያ የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ የሚይዘውን ቢሮ አነጋግሪ፣ የወሰድሻቸው ኮርሶች ይያዙልሽ እንደሆነም ጠይቂ። እኔ ይሄን ሳልጠይቅ ሁለት ኮርስ ደግሜያለሁ።

ከወሰንሽ ደግሞ ቤተሰብ ከሰው ከሚሰማ ራስሽ ደውለሽ ንገሪያቸው። እኔ ስነግረው አባቴ ስልኩ ላይ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «በል እስቲ የሠራኸውን ላክልኝና ልየው» አለኝ።