አስቸኳይ! አባቴ «ነገረ ፈጅ» ሲባል ሰምቶ አልፈርምም አለ

የፍኖተ ሰላሙ፦ እባካችሁ ቶሎ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት የመሬት ድንበር ቀጠሮ አለን። አባባ እግሩን ስላመመው ውክልና ሊሰጠኝ ነበር። ጸሐፊው «ልጄን ነገረ ፈጅ አድርጌ ወክያለሁ» ብሎ ሲያነብለት ብድግ አለ። «ኸማን ጋር ነው ነገር የፈጀሁት? ልጄን ነገረኛ አላስብልም!» ብሎ ወጣ። ቃሉ ስድብ ነው እንዴ? «ጠበቃ» ተብሎ ቢጻፍስ?

ቆቅ፦ «ወኪል» በለውና ተገላገል።

የኔታ ነኝ፦ አባትህ ሰምተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፤ ደስ ይላል። ግን እዚህ «ነገር» ጠብ አይደለም፤ ችሎት የቀረበ ክርክር ነው። «ፈጀ»ም መጨረስ ነው። «መንገዱ ሁለት ቀን ፈጀ» እንል የለ? መንገዱ ማንንም አልገደለም። ነገረ ፈጅ ማለት ነገሩን ይዞ ዳር የሚያደርስ ነው። ጠበቃም «ጠበቀ» ከሚለው የመጣ ነው። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ ከግዕዙ «ዐቀበ»፤ እሱም ጠበቀ ማለት ነው። ችሎት ላይ ይፋጠጣሉ እንጂ በስም ሁለቱም ዘበኛ ናቸው፤ አንዱ የሰው፣ አንዱ የሕግ።

አረቄው፦ የኔታ፣ የእኛን ሰፈር መንገድ ባያዩት ነው።

የዳሞት ልጅ፦ ቆይ፣ ለድንበር ፍርድ ቤት ምን አስኬዳችሁ? ሽማግሌ አልነበረም?

የፍኖተ ሰላሙ፦ ሁለት ጊዜ ተቀመጡ። ጎረቤቱ የበላውን በልቶ «አልስማማም» አለ። አሁን እሱን ተዉትና ወረቀቱን ንገሩኝ።

ቆቅ፦ ወኪል አልኩህ እኮ።

ችሎት አዳሪ፦ «ጠበቃ» እንዳታስብል! ጠበቃ ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ አንተ የለህም። ነገረ ፈጅ ዛሬ በብዛት የሚባለው ለመሥሪያ ቤቱ የሚከራከር ተቀጣሪ ነው። ስለዚህ አባትህ የጠሉት ቃል ቢወጣ ምንም አይጎድልብህም። የሚጎድልብህ ሌላ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት መክሰስ፣ ክስ መመለስና መታረቅ በጥቅሉ «ወክዬዋለሁ» በማለት አይሸፈኑም። ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። ስለዚህ «ስለ እኔ ሆኖ እንዲከስ፣ መልስ እንዲሰጥ፣ እንዲከራከር፣ እንዲታረቅ፣ ይግባኝ እንዲል» ተብሎ አንድ በአንድ ይጻፍ። ልጃቸው መሆንህም ይገለጽ። ዛሬውኑ ውልና ማስረጃ ሳይዘጋ ድረሱ።

አረቄው፦ «እንዲታረቅ» የሚለውን ለአባትህ ቀስ ብለህ አንብብላቸው። እዚያም ላይ ብድግ እንዳይሉ።

የፍኖተ ሰላሙ፦ አሉ እኮ! «ኸዚያ ሌባ ጋር ነው የምትታረቀው?» እያለ ነው። ባጃጅ ልጠራ ነው።

የዳሞት ልጅ፦ እኔ ሽማግሌ ብያለሁ።

ቆቅ፦ ፈረሙ ወይስ አልፈረሙም?