ክርክር፦ አሉርኛ ሲጻፍ ቃናው ይታይ ወይስ ይቅር?

ዮናስ (አወያይ)፦ አሉሮች በሰሜን ምዕራብ ኡጋንዳ በኔቢ፣ በዞምቦና በፓክዋች፣ ድንበሩን ተሻግሮም በኮንጎ ኢቱሪ በማሃጊ በኩል ይኖራሉ። ቋንቋቸው የሉዎ ቤተሰብ ነው፤ የጋምቤላው አኝዋክኛ ዘመድ። የሚጻፈው በላቲን ነው። ቃናው፣ ማለትም የድምፁ ከፍታና ዝቅታ፣ ሲለወጥ ትርጉም ይለወጣል፣ የተለመደው ጽሑፍ ግን ያንን አያሳይም። ምልክት ይግባበት?

ሄለን፦ ይቅር! እኛስ ማጥበቅ መች እንጽፋለን? «ገና» ብዬ ስጽፍ በዓሉን ይሁን «ገና ነው» ማለቴን ከዐረፍተ ነገሩ ታውቁታላችሁ። ማን ተቸገረ?

ብሩክ፦ በአማርኛ አፉን የፈታማ አይቸገርም። በትልቅነቱ የተማረውን ጠይቂው። ደግሞ አሉርኛ የሚደብቀው ቃና ብቻ አይደለም። አናባቢዎቹ የምላስ ሥር ወደ ፊት ሲገፋ አንድ ዓይነት፣ ሳይገፋ ሌላ ዓይነት ናቸው። አምስቱ የላቲን አናባቢዎች ብቻቸውን ይህን አይችሉትም።

ሄለን፦ እሱን ተናጋሪው ሳያስበው ያወጣዋል። በቃሉ ውስጥ ያሉ አናባቢዎች ይስማማሉ፤ አንዱን ካወቅክ ሌላው ይከተላል። በየፊደሉ አናት ላይ ጭረት መደርደር ለምን? ስልክ ላይስ ማን ይጽፈዋል?

ጋሽ ግርማ፦ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ምላስ ጥርስን ነክታ ለምታወጣው «ድ» በ«ዲ» ላይ «ኤች» ጨምረው ለይተዋታል። የቋንቋው ስም፣ ዱ አሉር፣ ራሱ በእሷ ይጀምራል። ለተነባቢ ይህን ያህል ተጠንቅቆ ቃናውን መተው ምን ይባላል?

ሜሮን፦ ጋሽ ግርማ፣ ልጆቹንም እናስብ። ኡጋንዳ ውስጥ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች በአካባቢ ቋንቋ እንዲማሩ ተወስኗል። ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። በሦስት ዓመት ማንበብም ጭረትም? ከባድ ነው።

ብሩክ፦ ጊዜው አጭር ከሆነማ ልጁ እየገመተ የሚያነበው መቀነስ አለበት። ሄሉ፣ ዐረፍተ ነገሩ ያድነናል ያልሽው ለስም ይሠራል። ለግስስ? በኬንያው ሉዎኛ ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይስ ገና እየተፈጸመ ነው የሚለውን የሚለየው ቃና ነው። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ቁጭ ይላሉ! በዚህ ቤተሰብ ቃና ሰዋስው ይሸከማል።

ሄለን፦ እሺ፣ ግሱ በሚያሻማበት ቦታ ብቻ ይሁን። ስሙን አትንኩት።

ጋሽ ግርማ፦ በመዝገበ ቃላት ግን ሁሉም ላይ! እዚያ ዐረፍተ ነገር የለም።

ሜሮን፦ ማሃጊዎችስ? ኡጋንዳ ለብቻዋ ብትወስን አንድ ቋንቋ ሁለት አጻጻፍ ሊኖረው ነው። እኔ መጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች ይገናኙ ባይ ነኝ፤ ጭረቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።