ተራ የቤት ውስጥ ፎቶዎችን ወረቀት ደራርቤ በአንድ የአልበም ገጽ እንዴት ላቀናብር?

የልጆች_እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። 30 በ30 ሳንቲ ሜትር በሆነ የአልበም ገጽ ላይ አምስት ፎቶዎች ማስቀመጥ ፈልጌያለሁ። የበዓል ወይም የልደት አይደሉም፤ ልጅ ጫማውን ሲያስር፣ አባት ዕቃ ሲያጥብ፣ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተኝተው የቤት ሥራ ሲሠሩ፣ እንዲህ ያሉ ናቸው። ሁሉም በቁመት ተነሥተው በ10 በ15 ታትመዋል። ከሥራቸው ወረቀት ስደራርብ ግን ገጹ ይዝረከረካል። የፎቶዎቹም ቀለም አይስማማም፤ አንዱ በአምፖል ብርሃን ቢጫ ሆኗል፣ ሌላው በመስኮት ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል። ማስቲሹ ሲደርቅ ደግሞ ወረቀቱ ይጎብጣል። ከየት ልጀምር?

መቀስና_ማስመሪያ፦
እህቴ፣ ከስፋቱ ጀምሪ። አንድ 10 በ15 ፎቶ 150 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይይዛል፤ አምስቱ 750 ናቸው። ገጹ በሙሉ 900 ነው። ለወረቀቱ የተረፈው ከስድስት አንድ እጅ ብቻ ስለሆነ የፈለግሽውን ያህል ብትደራርቢ አይታይም።

አንዱን ዋና አድርጊና መጠኑን አትንኪ። አራቱን በ5 በ7.5 እንደገና አሳትሚያቸው፤ ምጥጥናቸው ያው ስለሆነ ምንም አይቆረጥባቸውም፣ አራቱም በአንድ 10 በ15 ወረቀት ላይ ልክክ ብለው ይገባሉ። አሁን ፎቶዎቹ የሚይዙት የገጹን ሲሶ ነው። ለዋናነት የጫማውን ፎቶ እመርጥ ነበር፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሥራ፣ ዓይን የሚበትን ነገር የለውም።

ንብርብሩን ከፎቶው ወደ ኋላ አስቢው። ከዋናው ፎቶ ሥር 11 በ16 የሆነ ሜዳ (ጌጥ የሌለው) ክሬም ወረቀት ይግባ፤ በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ይታያል። ፎቶውን ከጌጠኛው ወረቀት የሚለየው እሱ ስለሆነ አትዝለይው። ከዚያ ሥር ደቃቅ ጌጥ ያለበት 13 በ18 ወረቀት አድርጊ፤ በግራና በታች 1.5 ሳንቲ ሜትር፣ በቀኝና በላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እንዲታይ ሸሸት ይበል። በሁሉም ጎን እኩል ከወጣ ተራ ክፈፍ ይሆናል እንጂ የመደራረብ ስሜት አይሰጥም። ከሁሉም ወረቀቶች ሥር ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ የሚሄድ፣ ጠርዙ በእጅ የተቀደደ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት ዘርጊ፤ ትልልቅ ጌጥ ያለውን እዚህ ተጠቀሚበት።

አቀማመጡ፦ የዋናው ንብርብር ከግራ ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ገብቶ ይጀምር። ከሱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ዘለሽ ትንንሾቹን ሁለት በሁለት ደርድሪ፤ በመካከላቸው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ተዪ። ክፍተቱ ጠባብ ሲሆን ዓይን አራቱን እንደ አንድ ነገር ያያቸዋል። በቀኝ 2 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ሁሉንም ሳትለጥፊ ደርድሪና በስልክ አንሥተሽ ምስሉን ጥቁርና ነጭ አድርጊው፤ ዋናው ፎቶ ከወረቀቱ ጋር ተዋህዶ ከጠፋ ሜዳው ወረቀት ይለወጥ።

ቀለም_አዋቂ፦
ቀለሙ በወረቀት አይስተካከልም፣ ከኅትመት በፊት ነው። የአምፖል ብርሃን በ2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ሲያንስ ቢጫ፣ ሲጨምር ሰማያዊ) አካባቢ ነው፣ የቀን ብርሃን ከ5500 በላይ። በስልክሽ የፎቶ ማስተካከያ የሙቀት መቆጣጠሪያውን ቢጫው ላይ ወደ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ላይ ወደ ቢጫ ጎትቺ፤ በፎቶው ውስጥ ያለ ነጭ ነገር ነጭ ሲመስል አቁሚ። ሁለት ዓይነት ብርሃን በአንድ ፎቶ ከገባ ግን ይህ አይሠራም። ያኔ አራቱን ትንንሾች ጥቁርና ነጭ አድርገሽ ዋናውን ብቻ በቀለም ተዪው፤ እኔ እንዲያውም ይህን አስቀድማለሁ። ለወረቀቶቹ ከዋናው ፎቶ ሁለት ቀለም ብቻ ውሰጂ፣ ለምሳሌ ከጫማውና ከልብሱ። በገጹ ላይ በብዛት የሚታየው ቀለም ግን ደብዘዝ ያለው ይሁን።

ወረቀት_ወዳጅ፦
የሚጎብጠው ማስቲሹ ውኃ ስላለው ነው። የወረቀቱ ጭረት ውኃ ጠጥቶ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ የረጠበው አንዱ ፊት ብቻ ስለሆነ ይቆለመማል። በሁለት ፊት የሚለጥፍ ቴፕ ተጠቀሚ፣ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገባ አድርገሽ። ሁሉም የሚለጠፍበት መሠረት በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 250 ግራም የሚመዝን ወረቀት ይሁን። ማስቲሽ ብቻ ካለሽ ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ብራና መሰል የመጋገሪያ ወረቀት አልብሰሽ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበትና እስከ ነገ አትንኪው።

ከፍታ ለመስጠት ስፖንጅ ቴፕ ይሆናል፤ እኔ ግን ለዋናው ፎቶ ብቻ፣ ያውም 1 ሚሊ ሜትሩን። አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ ካደረግሽ መሃሉ ይሰረጉዳል፣ መሃሉም ላይ ጨምሪ። አልበሙ ሲዘጋ ፊት ለፊት ባለው ገጽ በዚያው ቦታ ሌላ ስፖንጅ ካለ ፎቶዎቹ ይጨቋቆናሉ።

ወረቀቱም ማጣበቂያውም አሲድና ሊግኒን (ከእንጨት የሚመጣ ነገር) የሌለበት መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብቢ፤ ጋዜጣ የሚያረጀውና ቢጫ የሚሆነው በነዚህ ነው። ገጹ የሚገባበት የፕላስቲክ ኪስ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ይሁን። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ፎቶ ላይ ይጣበቃል፣ የሚለቀው ኬሚካልም ይጎዳዋል።

የልጆች_እናት፦
በጣም አመሰግናለሁ። ጽሑፍስ? ቦታ አልተረፈም።

መቀስና_ማስመሪያ፦
ይተርፋል። የ13 በ18ቱን ወረቀት ከመለጠፍሽ በፊት ዙሪያውን 3 ሳንቲ ሜትር ትተሽ መሃሉን በከተር አውጪው፤ ከላይ ስለሚሸፈን አይታወቅም፣ ገጹም ይሳሳል። የወጣው 7 በ12 ካርድ ይሆንሻል፣ ጀርባው ላይ ጻፊ። ክሬሙን ወረቀት በሦስት ጎን ብቻ ለጥፊና ላዩን ክፍት ተዪው፤ ካርዱ ከኋላው ይገባል፣ ሲፈለግ ይሳባል። ለመሳቢያ ጫፉ ላይ አጭር ሪባን አጣብቂበት።

ወረቀት_ወዳጅ፦
ቀለሙ የማይለቅ የፒግመንት ብዕር ያስፈልጋል። ፎቶው ጀርባ ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ አትጻፊ፣ ጫናው በፊት ለፊት ይወጣል፤ ለስላሳ እርሳስ ጠርዙ ላይ። ካርዱ ላይ ፎቶው የማያሳየውን አስፍሪ፦ ቀኑን፣ ማን እንዳነሣው፣ ልጁ ማሰሪያውን ለብቻው ማሰር የጀመረው መቼ እንደሆነ።