ባዶ መሬት ነው ተባልን

ገብስ ቆሎ፦ እሑድ ስብሰባ ላይ የተባለውን ሰማችሁ? ከአስታው ቁጥቋጦ ሜዳ ግርጌ የአሸዋና የጠጠር ካባ ሊከፈት ነው። «ባዶ መሬት ነው፣ ቁጥቋጦ ብቻ ነው ያለው» አሉን። ባዶ! በግንቦት ጀሪካን ይዘን የምንሰለፍበት ምንጭ ከየት የሚመጣ መሰላቸው?

ሹፌሩ፦ ልጆቹ ሥራ አጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። የተቀመጡበትን ይሽጡት ነው የተባለው። ለአስታ ብለን እንራብ?

ገብስ ቆሎ፦ አንተ የሚታይህ ቢያጆው ነው። ጠዋት ጭጋግ ሲወርድ አስታው ጠብ ጠብ ሲል አይተህ ታውቃለህ?

ቆርኪ፦ «ባዶ» ያሉት ሰው አልሰፈረበትም ለማለት ነው። ቃል እየለቀሙ መጣላት ምን ይሉታል?

የመንዝ ልጅ፦ እንግዲያው የእኛ የመንዙ ጓሳ ሣር ሜዳም ባዶ ነው በላ። አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቄሮው፣ ሣሩን በጋራ በሚጠብቁበት ሥርዓት፣ ለዓመታት እየዘጉ፣ የማጨጃ ቀን እየቆረጡ ያቆዩት ነው። ሣሩ ቤት ከደነ፣ ገመድ ሆነ። ቀይ ቀበሮው ዛሬም አለ።

ሹፌሩ፦ መጣ ደግሞ መንዝ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቄሮው አልፈረሰም? የእኛንስ ሜዳ ማን ጠበቀው? ሁላችንም ቆርጠን አንድደነዋል።

የመንዝ ልጅ፦ እሱስ እውነት ነው።

መሐንዲሱ፦ የግንባታ ማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ እንጂ ቀበሌው አይደለም። አዋጅ 299/1995 ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሲደረግ የነዋሪው አስተያየት ይካተት ይላል። ሰነዱን አሳዩን በሉ።

ቆርኪ፦ አስተያየትማ ተሰጥቷል። አቴንዳንስ ላይ ፈርማችኋል።

ገብስ ቆሎ፦ እኔ የፈረምኩት ለለስላሳው መስሎኝ ነው!

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከአሜሪካ ሆኜ እለምናችኋለሁ፣ እባካችሁ ያንን ሜዳ አታስነኩ። ልጅነቴ እዚያ ነው ያለው።

ቆርኪ፦ አንተ አምና ያሠራኸው ጂ ፕላስ አንድ በልጅነት ትዝታ ነው የቆመው? ስንት ቢያጆ አሸዋ አስገባህ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እሱ የመቂ አሸዋ ነው። ከፍዬ ነው የገዛሁት።

ቆርኪ፦ አሃ! መቂ ባዶ መሬት ነዋ!

መሐንዲሱ፦ ኧረ ወደ ጉዳዩ እንመለስ።

ገብስ ቆሎ፦ ጉዳዩማ ይሄ ነው። መንገዱ ሲሠራ የቆፈሩትን ጉድጓድ «ስንጨርስ እንደፍነዋለን» ብለው ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይሞላል። ባለፈው ነሐሴ ጥጃ ገብታበት አራት ሆነን በገመድ ጎተትናት። ስናወጣት ሆዷ ተነፍቶ ነበር። ማን ካሰ?

ሹፌሩ፦ የማን ጥጃ?

ገብስ ቆሎ፦ የአጎትህ ናታ። ደውልና ጠይቀው።

ሹፌሩ፦ አጎቴ እሑድ ለካባው ፈርሟል።

ገብስ ቆሎ፦ ለካባው ወይስ ለለስላሳው?