ለሐዋሳ ሐይቅ፦ በአየር የሚሞላ ወለል ያለው ጀልባ ይሻላል ወይስ የአሉሚኒየም ወለል ያለው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በወር አንድ ሁለት ቅዳሜ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ቆሮሶ ለማጥመድ 2.9 ሜትር ርዝመት ያለው በአየር የሚነፋ ጀልባ ልገዛ አስቤ ሁለት ዓይነት ቀርቦልኛል። የሁለቱም ጎን ፒቪሲ ሲሆን የሚለያዩት በወለላቸው ነው፤ የአንደኛው ወለል እንደ ጎኑ በአየር የሚሞላ ሆኖ ክብደቱ 32 ኪሎ ነው፣ የሌላው ተገጣጣሚ አሉሚኒየም ሆኖ 47 ኪሎ ይመዝናል። የምኖረው ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የምወጣው ብቻዬን ነው። 6 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አለኝ። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦
የአሉሚኒየሙን ለአራት ዓመት ይዤዋለሁ። ከክብደቱ ይልቅ ያስመረረኝ መገጣጠሙ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰሌዳዎች እንደ ቤት ጣሪያ አሹለው ካጋጠሙ በኋላ በጉልበትዎ ተጭነው ማስገባት ይኖርብዎታል፣ በዚህ መሐል ጣቴን የቆነጠጠኝን ቁጥር አላስታውስም። በሰሌዳውና በጎማው መካከል የገባ አሸዋም እያፋተገ ፒቪሲውን ስለሚበላው፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ፈትቶ ማጠብ ግድ ነው። ብቻዎን ከሆኑ በአየር የሚሞላውን ይውሰዱ።

መልስ 2፦
እኔ በዚህ አልስማማም። ሐዋሳ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉን እየቆረጠ የሚሄደው ጠንካራ ወለል ያለው ጀልባ ነው፤ ቆሞ መረብ ለመሳብም ቢሆን አሉሚኒየሙ እግር ሥር አይረግብም። የአየር ወለል ላይ ስቆም ፍራሽ የረገጥሁ ያህል ነው የሚሰማኝ።

መልስ 3፦
ፍራሽ የሚመስለው አየሩ ሳይሞላ ሲቀር ነው። ጎኑ 0.25 ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ሲበቃው ወለሉ ግን ወደ 0.7 ባር ይፈልጋል፤ በእጅ ወይም በእግር ፖምፓ የሚነፋ ሰው ደግሞ ክንዱ ሲዝል ግማሽ ላይ ያቆምና ጀልባውን ይወቅሳል። መለኪያ ያለው ፖምፓ ይግዙ። ዳር ላይ ፀሐይ እየመታው የተወጠረ ጀልባ ውኃው ሲያቀዘቅዘው ስለሚለሰልስ፣ ከገባ በኋላ እንደገና ሊጨምሩለት ይገባል።

ሞተሩን በተመለከተ፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚቀንስ፣ 1,700 ሜትር አካባቢ ባለው ሐዋሳ የእርስዎ 6 ፈረስ 5 እንኳ አይሞላም። በዚህ ጉልበት 15 ኪሎ መቀነስ ትልቅ ነገር ነውና እኔም የአየሩን እመርጣለሁ፤ ነፋሱን በተመለከተ ግን መልስ 2 ልክ ናቸው፣ ስለዚህ በጠዋት ገብተው ከቀትር በፊት ይውጡ።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ፤ የአየሩን ልወስድ ነው። ቢበሳ ጎሚስታ ዘንድ ማስጠገን ይቻላል?

መልስ 3፦
አይቻልም። የብስክሌት ካላማዳሪ የሚለጠፍበት ማስቲሽ ፒቪሲን አይዝም፤ ለፒቪሲ የተሠራ የፖሊዩሬቴን ማስቲሽ ከነጨርቁ ከጀልባው ጋር አብረው ይግዙ።