ማርቲኒ-ሄንሪ ጠመንጃ ልገዛ ነው፣ ማህተሙን እዩልኝ

ብረት ወዳድ፦
ሰላም ናችሁ። በቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ጦር ይታጠቃቸው የነበሩ ጠመንጃዎችን መሰብሰብ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። እስካሁን ያለኝ ሁለት ሳንጃና አንድ የቆዳ ዝናር ነው። ባለፈው ሳምንት ግን በርሚንግሃም ውስጥ አንድ ነጋዴ ማርቲኒ-ሄንሪ አሳየኝ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ25 ገደማ ነው፣ ሰደፉ ጠቆር ያለ ዋልነት፣ ከምላጩ ስር ያለውን እጀታ ወደ ታች ስትስቡት ጥይት የሚጎርስበት ቦታ ቀጭ ብሎ ይከፈታል። በቀኝ ጎኑ ዘውድ አለ፣ ከስሩ ቪ.አር፣ ቀጥሎ ኤንፊልድ፣ ከዚያ 1907። ሰውዬው ሕንድ ከዘመተ ወታደር ቤተሰብ የተገኘ ነው ብሎኛል። ሁለት ነገር ንገሩኝ። ፈቃድ ያስፈልገኛል ወይ? ዝገቱንስ በምን ላጽዳው?

የድሮ ማህተም፦
ቆይ፣ ገንዘብ እንዳትከፍል! 1907 ነው ያልከው? ንግሥት ቪክቶሪያ ያረፈችው በጥር 1901 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ቪ.አር ደግሞ ቪክቶሪያ ሬጂና፣ ማለትም ንግሥት ቪክቶሪያ ነው። በ1907 ዙፋኑ ላይ የነበረው ልጇ ኤድዋርድ ስለሆነ፣ ያኔ ከኤንፊልድ ፋብሪካ የወጣ ጠመንጃ ኢ.አር ነው የሚልበት።

የኔ ግምት የካይበር ሥራ ነው። ዛሬ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን በሚዋሰኑበት ተራራማ አገር ያሉ አንጥረኞች ከእንግሊዝ ጦር እጅ የወጣ ጠመንጃ ሲያገኙ አንድ በአንድ፣ ማህተሙን ሳይቀር ይገለብጡት ነበር። እጃቸው የሚደነቅ ነው። ግን ብዙዎቹ የእንግሊዝኛውን ፊደል ስለማያነቡት እንደ ሥዕል ነው የሚቀርጹት። ስለዚህ ፊደል ይገለበጣል፣ ይዘለላል፣ ዓመቱም ከነገሠው ሰው ጋር አይገጥምም። ማጉያ መነጽርና የእጅ ባትሪ ይዘህ ተመለስና ኤንፊልድ ከሚለው ውስጥ ኤን የምትባለውን ፊደል ብቻ እያት። በፋብሪካ ማህተም የተመታ ፊደል ጥልቀቱ እኩል ነው፣ በመሮ የተቀረጸው ግን አንድ ቦታ ጠልቆ አንድ ቦታ ይሳሳል። ካይበር መሆኑን አውቆ፣ በካይበር ዋጋ የሚገዛ ሰው አልተሸወደም፣ እኔም አንድ አለኝ፣ እወደዋለሁ። በኤንፊልድ ዋጋ ከሸጠልህ ግን ተበላህ።

ሕጉን ጠይቁኝ፦
ፈቃዱን እኔ ልመልስ። በእንግሊዝ የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ አንቀጽ 58 መሠረት ጥንታዊ መሣሪያ ለስብስብ ወይም ለጌጥ ብቻ ከተያዘ ፈቃድ አይጠየቅም። የትኛው ጥይት ጊዜ እንዳለፈበት የሚቆጠር ደግሞ የ2021 ደንብ ዘርዝሮታል፣ የማርቲኒ-ሄንሪው 577/450 ጥይት እዚያ ውስጥ አለ። ልተኩስበት ካልክ ግን ነገሩ ይለወጣል፣ ፖሊስ ዘንድ ሄደህ ፈቃድ ማውጣት አለብህ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ማርቲኒ-ኤንፊልድ የሚባለው መልኩ ያው ማርቲኒ ነው፣ የሚጎርሰው ግን .303 ጥይት ነው፣ .303 ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያለ ፈቃድ ቤትህ ካስገባኸው ወንጀል ነው። ያንተ ነገር ደግሞ ሌላም ያሳስበኛል። ደንቡ መሣሪያው በፈረንጅ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 በፊት የተሠራ መሆን አለበት ይላል። የካይበር ጠመንጃ መቼ እንደተሠራ በምን ታስረዳለህ? ላዩ ላይ ያለው ዓመት ውሸት ከሆነ ማስረጃ አይሆንህም። ከመግዛትህ በፊት የአካባቢህን ፖሊስ የመሣሪያ ፈቃድ ክፍል በጽሑፍ ጠይቅ፣ መልሱንም አስቀምጠው።

ዋልነትና ዘይት፦
«በምን ላጽዳው» የምትለዋ ናት እኔን ያስደነገጠችኝ። የመጀመሪያ ጠመንጃዬን በአሸዋ ወረቀት ፈትጌው አውቃለሁ። ሰደፉ ላይ ክብ የፋብሪካ ማህተም ነበረው፣ ከሰዓቱን ሙሉ ስፈትግ ውዬ ቀና ስል ማህተሙ የለም። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነገር በአንድ ቀን አጠፋሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቡናማ ሆኖ የረጋውን ብረት ተወው፣ መልኩ እሱ ነው። ቀይ ሆኖ እጅህን የሚያቆሽሸውን ዝገት ብቻ በዘይት አርሰህ በጣም በደቀቀ የብረት ሱፍ ቀስ ብለህ አንሳው። እንጨቱን በተልባ ዘይት፣ በጨርቅ፣ ስስ አድርገህ እሸው። ቫርኒሽ እንዳታስጠጋው።

ደግሞ ለምን በስናይደር አትጀምርም? ስናድር የሚለው ቃል ለኛ እንግዳ አይደለም፣ ከአያቶቻችን አፍ የሰማነው ነው። እንግሊዞች በ1866 በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረውን ኤንፊልድ ከኋላው ቆርጠው፣ እንደ ሳጥን ክዳን ወደ ቀኝ የሚከፈት ብረት ገጠሙለት። በሁለት ዓመቱ የጄኔራል ናፒየር ጦር ይዞት መቅደላ ወጣ። ክዳኑን ከፍተህ ወደ ኋላ ስትስበው ቀለሁን ይጎትተዋል፣ ከዚያ ጠመንጃውን ገልብጠህ ታራግፈዋለህ። አንዱን በእጄ ይዤ ያንን ባደረግኩ ቁጥር አሮጌ በሚባለው የመቅደላ ሜዳ ላይ ጦርና ጋሻ ይዞ ወደዚህ ተኩስ የወረደው ሰው ይታየኛል።

ብረት ወዳድ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ባትሪ ይዤ ተመለስኩ። ኤኗ ተገልብጣለች! የዘውዱም ግራና ቀኝ እኩል አይደለም። ሰውዬውን ሳሳየው ዝም አለ፣ ከዚያ እኔም እንደዚሁ ነው የገዛሁት አለኝ። ትቼው ወጣሁ።

አሁን ቅዳሜ ጨረታ ላይ የሚቀርብ ስናይደር አገኘሁ። ግን መምቻው ስር ያለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ኤንፊልድ 1862 ይላል። ስናይደር የወጣው በ1866 ከሆነ ይሄም ፎርጅድ ነው ማለት ነው?

የድሮ ማህተም፦
አይደለም፣ እንዲያውም ደስ የሚል ምልክት ነው። 1862 በአፈሙዙ ይጎርስ በነበረበት ጊዜ የተሠራበት ዓመት ነው፣ ሲቀይሩት ያንን ብረት እንዳለ ነው የተዉት። ክዳኑን ዘግተህ ነቅነቅ አድርገው፣ እንዳይላላ። ከዚያ የማህተሙን ፎቶ ከቅዳሜ በፊት እዚህ ላክልን።