ቡችላው ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፣ እባካችሁ አሁኑኑ ምን ላድርግ?

የጀሞዋ (ጠያቂ)፦ አሁን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ቡችላው ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አላቋረጠም። ያለቅሳል፣ ያላዝናል፣ በሩን ይቧጭራል። ኮንዶሚኒየም ነን፣ 4ኛ ፎቅ። ጎረቤታችን ሁለት ጊዜ መጥተው አንኳኩተዋል። በረንዳ ላይ አሰርኩት፣ ባሰበት። ወተት ሰጠሁት፣ ጠጣና አስቀመጠው። ምንጣፉ አልቆለታል። ቆጣሁት፣ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ አሻሸሁት፣ ምንም ለውጥ የለም። ቀን ሲጫወቱ የልጄን ጣት ነክሶ ትንሽ ደምቶ ነበር፣ እሱ እንኳ ግድ የለም። ባለቤቴ «ጠዋት ከዚህ ቤት ይውጣ» ብሏል። ልጄ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጩኸት ጋር አብራ ታለቅሳለች። የሚያስተኛው ነገር ካለ ቶሎ ንገሩኝ።

ወንዝ ማዶ፦ ዕድሜው ስንት ነው? ከየት አመጣሽው? ምን ይበላል? እነዚህን ካልነገርሽን በግምት ነው የምንመልስልሽ።

የቦቢ ባለቤት፦ አይዞሽ እህቴ፣ እኔም አልፌበታለሁ። መጀመሪያ ከበረንዳ አስገቢው። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ተቃቅፎ ይተኛ የነበረ ፍጥረት ነው፣ ብቻውን ሲሆን ይፈራል። የሙዝ ካርቶን ካለሽ አንዱን ጎኑን ዝቅ አድርገሽ ቁረጪ። አሮጌ ሹራብሽን ሳታጥቢ አንጥፊለት፣ ጠረንሽ ያረጋጋዋል። ሃይላንድ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሙዪ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ጎኑ አድርጊለት። የፈላ ውሃ አይሁን። ካርቶኑን አልጋሽ አጠገብ አድርጊና ሲያለቅስ እጅሽን ብቻ ስደጂለት፣ አታንሺው። የኔው በ3ኛው ሌሊት ዝም አለ። ቦቢ መባሉን አትዩ፣ ስሙን ያወጡት ልጆቹ ናቸው። ሰፈራችን ውስጥ 4 ቦቢ አለ፣ አንዱን ስንጠራ 4ቱም ይመጣሉ።

የድሮ ሰው፦ ልጄ፣ አትቀየሚኝና ውሻ የግቢ ነው። እኛ ቤት ውሻ ደጁን ይጠብቃል እንጂ መኝታ ቤት አይገባም። ሥዕል ተሰቅሎ ጸሎት በሚደረስበት ቤት እንዴት ነው ውሻ የሚያድረው? ግቢ የሌለው ሰው ውሻ ባይገዛ ይሻላል። ለእንስሳውም ነው የማዝነው፣ 4ኛ ፎቅ ላይ የት ይሩጥ?

የጀሞዋ፦ ጋሼ፣ ያሉትን አከብራለሁ። ግን አንዴ መጥቷል፣ ልጄም ወዳዋለች፣ በሌሊት መንገድ ላይ አልጥለውም። ለጠየቀኝ፦ መንገድ ዳር ከሚሸጡ ልጆች ነው የገዛሁት። «ወር ከሳምንቱ ነው» አሉኝ። ጾም ስለሆነ እራት እንጀራ በሽሮ ሰጠሁት። ካርቶኑን አሁን እያዘጋጀሁ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ወር ከሳምንት? ያለ ዕድሜው ነው ከእናቱ የተለየው። እዚህ አሜሪካ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ከ8 ሳምንት በታች ያለ ቡችላ መሸጥ ክልክል ነው። ምክንያት አለው። ንክሻው እንደሚያም የሚማረው ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው። ጠንክሮ ሲነክስ አንዱ ይጮህና ጨዋታው ይቆማል። አሁን ያንን እናንተ ልታስተምሩት ነው። ሲነክስ ጨዋታውን አቁሙ፣ ፊታችሁን አዙሩ፣ ከዚያ የተቋጠረ ጨርቅ ስጡት። አትምቱት። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸትም ተዪ። አንቺን እንዲፈራ እንጂ ቦታውን እንዲያውቅ አያደርገውም። እንዲያውም ተደብቆ ሶፋ ስር መሽናት ይጀምራል።

አዲስ ገቢ፦ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፊና አጠገብሽ አድርጊው፣ ይተኛል።

ወንዝ ማዶ፦ እሱ ተብሏል ወንድሜ። እኔ ስለ ሽንቱ ልጨምር። በዚህ ዕድሜ ሌሊቱን ሙሉ መያዝ አይችልም፣ ስለዚህ ለቅሶው አንዳንዴ «ሽንቴ መጣ» ማለት ነው። አሮጌ ሳፋ ላይ ጋዜጣ አንጥፊና በረንዳው ላይ አስቀምጪ። ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ ሲበላ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ፣ ሌሊትም በየ2 ሰዓቱ ውሰጂው። እዚያው እንደሸና ወዲያው «ጎበዝ!» በዪው። ከ5 ደቂቃ በኋላ ብታመሰግኚው ለምን እንደሆነ አይገባውም። ምንጣፉን ኮምጣጤ በውሃ በጥብጠሽ እጠቢ። በረኪና አታፍሺበት፣ ከሽንት ጋር ሲቀላቀል ጉሮሮ የሚያቃጥል ጭስ ይወጣል።

የቢሾፍቱ፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ቢሾፍቱ ነው የተማርኩት። የተባለው ጥሩ ነው፣ ግን አንዷን ዓረፍተ ነገር ሁላችሁም ዘላችኋት። ልጅቷ ደምታለች! እህቴ፣ «ግድ የለም» አትበዪ። የእናቱ ክትባት አይታወቅም፣ ከየት እንደመጣም አይታወቅም። ትንሽ ቡችላም የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዝ ይችላል። አሁኑኑ ቀስቅሻትና ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢላት። ጠዋት መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ ክትባት ያስፈልጋት እንደሆነ እነሱ ይወስናሉ። ቡችላውን አትስጡ፣ አትጣሉትም። 10 ቀን በዓይናችሁ ሥር ይቆይ፣ ጤናው መታየት አለበት። ባለቤትሽንም በዚህ አስረጂው። የልጅቷን ሕክምና ግን 10 ቀኑን እየጠበቃችሁ አታዘግዩ።

አዲስ ገቢ፦ እኛ ሰፈር ለዚህ ሥር የሚሰጡ አዋቂ አሉ፣ ብዙ ሰው ድኖበታል። አድራሻቸውን ልላክልሽ?

የቢሾፍቱ፦ አትላክ ወንድሜ፣ እለምንሃለሁ። የነከሰው ውሻ በሽታው ከሌለበት ሰውየው ሥሩን ባይወስድም አይታመምም፣ «ዳነ» የሚባለው እሱ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የሚያድነው ምልክቱ ሳይታይ የሚወሰደው ክትባት ነው። አሁን ወደ ቡችላው ልመለስ። የላም ወተት ብዙ ቡችላ ያስቀምጣል፣ አቁሚው። ሽሮም አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። በፋሲካ የዶሮ ወጥ ትርፍ እየተሰጠው የሚታመም ውሻ አለ። የተቀቀለ ሩዝና እንቁላል አድቅቀሽ በቀን 4 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ስጪው፣ ንጹሕ ውሃ ከፊቱ አይጥፋ። ማስቀመጡ ካልቆመ ወይም ከደከመ ነገውኑ ሐኪም ይየው፣ በዚህ ዕድሜ ቶሎ ውሃ ያልቅበታል። የሆድ ትላትል መድኃኒትም ያስፈልገዋል። የፓርቮ (ቡችላን በማስመለስና በተቅማጥ የሚገድል በሽታ) ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይጀመርና እስከ 16 ሳምንቱ ይደጋገማል። የእብድ ውሻው በ3 ወሩ ነው። የፓርቮው ክትባት እስኪያልቅ ውሾች የሚመላለሱበት መሬት ላይ አታውርጂው።

የድሮ ሰው፦ ሐኪሙ እውነቱን ነው። እኔም ስለ ግቢ ሳወራ የልጅቷን ነገር አላየሁትም። ጎረቤትሽን ጠዋት ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው፣ ቡናም ጥሪያቸው። ቡችላ መሆኑን ሲያዩ ይራራሉ።

የጀሞዋ፦ አጥቤላታለሁ። 15 ደቂቃ በሰዓት ይዤ። ቡችላው ካርቶኑ ውስጥ ሃይላንዱን አቅፎ ዝም ብሏል። እጄ ላዩ ላይ ስለሆነ በአንድ እጅ ነው የምጽፈው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።

የቦቢ ባለቤት፦ ተመስገን! ሌሊት ለሽንት ስታነሺው መብራት አታብሪ፣ አታጫውቺው። መልሰሽ ካርቶኑ ውስጥ ብቻ።

የቢሾፍቱ፦ የጀሞዋ፣ ጤና ጣቢያ ምን አሉሽ?

የቢሾፍቱ፦ 3 ቀን ሆነ እኮ። ክትባት ጀምረውላት ከሆነ ቀጠሮዋ አይለፍ፣ ጣቷ ቢድንም። ቡችላውስ ይበላል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔም እየጠበቅኩ ነው። አንድ ቃል ጻፊልን እህቴ።